የውጭ ኩባንያ ኮምቦልቻ ሲገባ ምልክቱን፣ ፓተንቱንና የሮያሊቲ ውሉን መቼ ያስመዝግብ?

ሸዋበር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) ተከራይቶ ልብስ ሊያመርት ላሰበ የውጭ ኩባንያ የሕግ ጉዳዩን ይዣለሁ። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሦስት ነገር ይጠይቃል። በአውሮፓ የተመዘገበው የንግድ ምልክታቸው እዚህ ያገለግላል ወይ? ውጭ ፓተንት (የፈጠራ ባለመብትነት ማስረጃ) ያገኙበትን የጨርቅ ማጠናቀቂያ ዘዴ እዚህ ሌላ ሰው ቢጠቀምበት መከልከል ይቻላል ወይ? ለእናት ኩባንያው ሮያሊቲ፣ ማለትም በምልክቱና በቴክኖሎጂው ለመጠቀም የሚከፈለውን፣ ለመላክስ ምን ምን መሟላት አለበት? አብዛኛው ምርት ወደ ውጭ ይላካል፤ ጥቂቱ ደሴና አዲስ አበባ ይሸጣል። በሥራው ያላችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ።

የቦርከናው፦
ከምልክቱ ልጀምር፤ ብዙ ኩባንያ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። የአውሮፓው ምዝገባ ብቻውን እዚህ መብት አያስገኝም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክት ባለቤት የሚሆነው እዚህ አስመዝግቦ የምስክር ወረቀት የያዘ ነው። ዕቃው ገበያ ከወጣ በኋላ ላመልክት ካሉ ስሙን ሌላ ሰው ቀድሞ አስገብቶት ሊያገኙት ይችላሉ። የታወቀ ምልክት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ መታወቁን የማስረዳት ሸክም ግን በእነሱ ላይ ይወድቃል፣ ክርክሩም ይረዝማል። ስለዚህ የሼድ ኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ማመልከቻው ይግባ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተመሳሳይ ምልክት መኖሩን ያስፈትሹ። ቀጥሎ በኒስ ምደባ (ዕቃና አገልግሎት በቁጥር በሚከፋፈልበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ምድቡን ይምረጡ፦ ልብስ 25 ነው፣ ጨርቅ 24፣ ቦርሳ 18፣ ሱቅ ከፍተው የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ 35። በ25 ብቻ የተመዘገበ ምልክት ነገ ቦርሳ ላይ ሲመጣ ክፍተት ይኖረዋል። ስሙን በላቲን ፊደል ብቻ አያስገቡ፤ ሸማቹ የሚጠራው በአማርኛ ነውና በግእዝ ፊደል የተጻፈውንም ለብቻው ያመልክቱ።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ አመልካች የሚያመለክተው በአገር ውስጥ ወኪል በኩል ነው። ጊዜ የሚበላውም ውክልናው ነው። እዚያው አገር ይረጋገጣል፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም ያርፍበታል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። በውክልናው ላይ ያለው የኩባንያ ስም በምዝገባ ሰርተፊኬቱ ላይ ካለው በአንዲት ቃል ቢለይ፣ ለምሳሌ «ሊሚትድ» የሚለው ቢቀር፣ ሰነዱ ተመልሶ እንደገና ከኤምባሲ ይጀምራል። ከመላኩ በፊት ፊደል በፊደል ያስተያዩት።

ምርመራውን ሲያልፍ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተቃውሞ ያለው በ60 ቀናት ውስጥ ያቀርባል። ምዝገባው 7 ዓመት ይጸናል፣ ለተጨማሪ 7 ዓመታት እየታደሰም ይቀጥላል። ለ3 ተከታታይ ዓመታት ሥራ ላይ ካልዋለ ግን እንዲሰረዝ ሊጠየቅ ይችላል። ምርቱን ለውጭ ገበያ የሚያመርት ይህን ልብ ይበል፦ አገር ውስጥ የተሸጠበትን ደረሰኝ በየዓመቱ ለይቶ ያስቀምጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከ2005 በፊት እዚህ የተሰጠ የቆየ የምልክት ምዝገባ ወረቀት አለን ካለ አይተማመኑበት። ደንብ ቁጥር 273/2005 የቀድሞዎቹ ምልክቶች በ18 ወራት ውስጥ እንደገና እንዲመዘገቡ አዝዞ ነበር። የንግድ ስም ምዝገባም የምልክት ምዝገባ አይደለም፤ ንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ ስላለ ብቻ ምልክቱ ተጠብቋል ማለት አይቻልም።

ጦሳ ሥር፦
ስለ ፓተንቱ ልመልስ። ዋናው ጥያቄ ውጭ አገር መጀመሪያ ያመለከቱበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን 12 ወር ካላለፈ ቀዳሚነት ጠይቀው፣ ማለትም የውጭው ማመልከቻ ቀን እንዲታሰብላቸው ጠይቀው፣ እዚህ ማመልከት ይችላሉ። ካለፈና ፈጠራው ከታተመ ግን አዲስነቱ ስለሚጠፋ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት አያገኝም።

ብዙ የውጭ ጠበቆች የማያውቁት ሌላ በር አለ፤ አስገቢ ፓተንት ይባላል። ውጭ ፓተንት የተሰጠውና ዘመኑ ያላለቀ፣ እዚህ ግን ፓተንት ያልወጣለት ፈጠራ ሲሆን አመልካቹ ይህንኑ በራሱ ኃላፊነት አሳውቆ እስከ 10 ዓመት መብት ሊያገኝ ይችላል። በ3 ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ካልዋለ መብቱ ቀሪ ይሆናል። ለኩባንያው አደጋም ዕድልም ነው። ሌላ አምራች ቀድሞ ሊያወጣው ይችላል፤ የእነሱ የኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ራሱ ቢያመለክት ደግሞ ያመለጠውን ጊዜ በከፊል ይክሳል። ሕጉ እንዲህ የተቀረጸው ቴክኖሎጂ ወደ አገር እንዲገባና እዚሁ እንዲሠራበት ነው፤ በእኔ እምነት ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ይኸው ዓላማ በመደበኛው ፓተንት ላይም ይታያል። ዘመኑ 15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው እዚህ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ፓተንት መያዝ ግን ምርቱን ከውጭ የማስመጣት ብቸኛ መብት አይሰጥም። ፓተንቱን አስመዝግበን አስመጪዎችን እንከለክላለን ብለው የሚያቅዱ ካሉ ዕቅዱን ከአሁኑ ይለውጡት።

ያልታተመ የማጠናቀቂያ ቀመር ካላቸው ደግሞ ባያስመዘግቡት ይሻላል። ለንግድ ምስጢር ራሱን የቻለ አዋጅ የለንም። ያለው በንግድ ውድድር አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውስጥ ምስጢር ማውጣትን ተገቢ ያልሆነ ውድድር የሚያደርገው ድንጋጌ ነው። በዚህ ላይ ለመደገፍ ምስጢሩ በተግባር የተጠበቀ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል፦ የጽሑፍ የምስጢር ውል፣ ቀመሩን ማን እንዳየ የሚያሳይ መዝገብ፣ ኬሚካሎቹን በስም ሳይሆን በኮድ ለቀላቃዩ መስጠት።

ሸዋበር፦
ጦሳ ሥር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ማመልከቻቸው 12 ወር ስላለፈው የአስገቢ ፓተንቱን መንገድ አቀርብላቸዋለሁ። የሮያሊቲውን የምታውቁ?

ሒሳብ ሹም፦
ሁለት ምዝገባዎች አሉ፤ ሰው አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይረሳል። የምልክት ፈቃድ ውሉ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። የቴክኖሎጂ ሽግግር ስምምነቱ ደግሞ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ከተመዘገበ የቴክኖሎጂ ስምምነት ጋር የተያያዘ ክፍያን በውጭ ምንዛሪ መላክ ይፈቅዳል። ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የምዝገባውን ማስረጃ ነው፤ ያ ከሌለ ገንዘቡ ብር ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ ከሚደርስበት ቀን አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

ውሉን ስትጽፉ ሮያሊቲውንና የቴክኒክ አገልግሎት ክፍያውን በአንድ ድምር አትጨፍልቁት። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ አገር ውስጥ ነዋሪ ላልሆነ ተከፋይ የሮያሊቲው ግብር 5 በመቶ፣ የቴክኒክ አገልግሎቱ 15 በመቶ ነበር። ያልተለየ ክፍያ በከፍተኛው ሊያዝ ይችላል። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ምጣኔውን ውሉ በሚፈረምበት ጊዜ ካለው ሕግ ጋር አገናዝቡ። የሮያሊቲው ስሌት ከተጣራ ሽያጭ በመቶኛ ከሆነ ደግሞ «የተጣራ» የሚባለው ከምን ተቀንሶ እንደሆነ በውሉ ይተርጎም፤ ለእህት ኩባንያ በውጭ የሚላከው ልብስ በምን ዋጋ እንደሚታሰብም ይጻፍ። ግብር ሰብሳቢው ቀድሞ የሚያነሳው ይህንን ነው።

አራዳ ደሴ፦
ሁላችሁም ስለ ወረቀቱ በደንብ ተናግራችኋል፤ ምልክቱ በብዛት የሚያመልጠው ግን ከስፌት መስመሩ ነው። ጥራት ፈታሽ የጣለው ልብስ ከነመለያው (ምልክቱ ካለበት፣ ልብሱ ላይ ከሚሰፋው ቁራጭ ጋር) ደሴ ገበያ ላይ ከወጣ እውነተኛ መለያ የተሰፋበት ስለሆነ አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ መክሰስ ይከብዳል። መፍትሔው መለያውን እንደ ገንዘብ መቁጠር ነው፦ ከመጋዘን የወጣው መለያ፣ የተሰፋው፣ የተበላሸውና የተመለሰው በየፈረቃው ይመሳከር። የተጣለው ልብስ መለያው ተቆርጦ ይውጣ፣ የተቆረጠውም በሁለት ሰው ፊርማ ይወገድ። ለንዑስ ተቋራጭ ሥራ ከተሰጠ ያው ግዴታ በውሉ ይግባ፤ ትርፍ ምርት የማን እንደሆነም በግልጽ ይጻፍ።

አስመስሎ የተሠራው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ባለመብቱ ዋስትና አስይዞ ጉምሩክ ዕቃውን እንዲይዝለት ማመልከት ይችላል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስላለ ለእናንተ ቅርብ ነው። ማመልከቻው ላይ የምዝገባ ሰርተፊኬቱ፣ የትክክለኛውና የአስመሳዩ ፎቶ፣ የሚለዩበት ነጥብ፣ ለምሳሌ የመለያው ክር ቀለምና የስፌቱ ቦታ፣ ይካተት። ሆን ብሎ የምልክት መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ይህን የሚጠቅሰው ግን ሰርተፊኬቱ በእጁ ያለ ነው።