የላስቲክ ማህተም ሥዕል ስቀባ ጥቁሩ መስመር ለምን ይፈስብኛል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ ሲተኙ የላስቲክ ማህተም ሥዕል ወረቀት ላይ አትሜ ቀለም እቀባለሁ። 41 ዓመቴ ነው። መሳል ተምሬ አላውቅም። ማህተሙ መስመሩን ይሰጠኛል፣ ለእኔ የሚቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። ትናንት አንዲት ወፍ ክንፍ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ደስ ሲል! ሐሳቤ ሁሉ እዚያች ላባ ላይ ነበር። ደረቷን በውሃ ቀለም ስነካው ግን ጥቁሩ መስመር ሟሙቶ አመድ አስመሰላት። አሳዘነችኝ። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ የእጅሽ ጥፋት አይደለም። ያተምሽበት ቀለም በውሃ የሚሟሟ ነው። ከደረቀ በኋላ ውሃ የማያስለቅቀውን ፈልጊ። ወረቀቱም ወፍራም ይሁን፤ እኔ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነውን የውሃ ቀለም ወረቀት ነው የምጠቀመው። ስሱ ይሸበሸባል።

መልስ 2፦
የአልኮል ማርከር ካለሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። ውሃ የሚችል ቀለም ሁሉ አልኮል አይችልም። መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሪው።

መልስ 3፦
ለላባ እንደ ባለቀለም እርሳስ የለም። ከፈዛዛው ጀምሪ፣ ሳትጫኚ ደራርቢው።

ጠያቂዋ፦
እርሳሱን አሁን ሞከርኩት። በቢጫው ላይ ሰማያዊ ስደርብበት ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ! ተባረኩ። ዛሬ ጅራቷን እጨርሳለሁ።