«ሕዝቡ የታሸገ ለመደ» ስለተባለው

ባለሱቅ፣ ደሴ፦ ትናንት አንድ ወንድማችን «ኮሮና የታሸገ ምግብ ገበያን አሳደገው፤ ሕዝቡ የታሸገ ለመደ» ብሎ የጻፈውን አንብቤ አዘንኩ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ በተነገረ ሰሞን ከእኔ ሱቅ ፓስታና መኮሮኒ በካርቶን የጫኑት ገንዘብ በእጃቸው የነበራቸው ናቸው፤ የወር ቀለባቸውን በአንድ ቀን ስለገዙም በቀጣዩ ወር አልተመለሱም። ይህ ፍርሃት እንጂ ልማድ አይደለም።

ጸሐፊው፣ ኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ቃሉ የእኔ ነው፤ አልመልሰውም። እናቴ በርበሬና ሽሮ ከተከፈተ ጆንያ አሰፍራ ነበር የምትገዛው። በዚያ ወቅት ግን ብዙ እጅ የነካውን ትታ የታሸገውን መረጠች፤ ዛሬም እንደዚያው ናት። እርስዎ ዘንድ ያልተመለሰው ደንበኛ ሌላ ሱቅ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

መምህርት፣ ሐይቅ፦ ወንድሜ፣ «የታሸገ» ያልከው የትኛውን ነው? ጎረቤቴ ያስፈጨችውን ሽሮ በላስቲክ ቋጥራ ትሸጣለች፤ ይህ ፋብሪካ አሽጎ፣ የሚያበቃበትን ቀን ጽፎ ከሚያወጣው ጋር አንድ ገበያ አይደለም። የፋብሪካው ብስኩትማ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገዢ አጣ፤ በራችን ላይ ያለው ሱቅ የሚኖረው በተማሪ ሳንቲም ነበርና። ፓስታውም ቢሆን ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር፣ ፋሲካም ሚያዝያ 11 ቀን ስለዋለ፣ የመጋቢቱን ሽያጭ ሁሉ ለወረርሽኙ መስጠት አይገባም።

ጸሐፊው፣ ኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ የላስቲኩም ቋጠሮ መታሸግ ነው። ገዢው የሚፈልገው ሌላ እጅ ያልገባበትን ነው እንጂ ፋብሪካውን አይደለም።

መምህርት፣ ሐይቅ፦ እንግዲያው ያደገው የጎረቤቴ ሥራ ነው በል፤ የፋብሪካውን ገበያ አትጨምርበት።

ነጋዴ፣ ባቲ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ከተማ ሰው ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጣ የገጠር ሰው ፍየሉን ሸጦ በዚያው ገንዘብ ዘይት፣ ስኳርና መኮሮኒ ይዞ ይመለሳል። መኪና ቆሞ ፍየል ገዢ ሲጠፋ መኮሮኒውም በመደርደሪያ ላይ ቀረ። ድንበር ለሰው ሲዘጋ የጂቡቲ ጭነት አልተከለከለም፤ ችግራችን ዕቃ ከማጣት ይልቅ ገዢ ማጣት ነበር። ዘይት ሲጠፋ ግን አንዳንድ ባለሱቅ ደብቆ እንደነበር እኔው አይቻለሁ።

ባለሱቅ፣ ደሴ፦ ወንድሜ፣ እኔ አልደበቅኩም፤ ለአንድ ቤት አንድ ጄሪካን ብቻ ብዬ ከደንበኞቼ ጋር ተቀያይሜያለሁ። ሁሉንም ባለሱቅ በአንድ አትፈርጅ።

ነጋዴ፣ ባቲ፦ «አንዳንድ» ብያለሁ፤ የጻፍኩትን ድጋሚ ያንብቡልኝ።

ጸሐፊው፣ ኮምቦልቻ፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። ጋሼ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሽያጭዎ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው አንሶ ነበር?

ባለሱቅ፣ ደሴ፦ የፓስታው አንሷል፤ የታሸገው ዱቄት ግን አልቀነሰም። ስለ ዱቄቱ እውነትህን ነው፤ «ሕዝቡ» የሚለውን ቃል ግን አሁንም አልቀበልህም። የዱቤ ደብተሬን ነገ አገላብጬ ማን ማን እንደገዛ አያለሁ።