«ባሕር ዳር»፣ «ዳርቻ» ወይስ «ጠረፍ»?

ጥያቄ፦ የሞምባሳን ሰዎች ለማለት «የባሕር ዳር ነዋሪዎች» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ሲነበብ የጣናዎቹን ያስመስላል። ምን ቢባል ይሻላል?

መልስ፦ «የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች» ቢሉት ይጠራል። «ባሕር ዳር» ስሕተት ሆኖ አይደለም፤ ዘፍጥረት 22፥17ም «በባሕር ዳር እንዳለ አሸዋ» ይላል። ግን «የ» ሲቀድመው አንባቢ ቶሎ የሚያስበው ከተማዋን ነው። ከተማዋም ብትሆን ስሟን ያገኘችው በአግባቡ ነው፤ በአማርኛ ሐይቁም «ባሕር» ይባላልና።

«ጠረፍ»ን እዚህ ባያስገቡት ይመረጣል። ጠረፍ የአገር ወሰን ነው፤ የባሕር ጠረፍ አለ፣ የየብስም አለ። በሞያሌና በመተማ የሚካሄደውን «የጠረፍ ንግድ» የምንለው ባሕር ኖሮበት አይደለም። ሰው አሸዋው ላይ ፎጣ አንጥፎ ቢተኛ «ዳርቻው ላይ ተኛ» እንጂ «ጠረፉ ላይ ተኛ» አይባልም። «ወደብ»ማ መርከብ የሚቆምበት ብቻ ነው።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ «ዳርቻ» ግን ብቻውን ሲቆም ውኃን አያመለክትም። «ዳርቻው ላይ ቤት ሠራ» ቢባል የከተማ ዳርቻም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠቀስ «የባሕር»፣ «የሐይቅ» ወይም «የወንዝ» የሚለውን አይዝለሉት።

ከፈሊጦቹ ብዙ ሰው የሚስተው «ከዳር አደረሰ»ን ነው። እዚህ «ከ» መነሻን አያሳይም፤ «ከቤት አለ» እንደምንለው ነው። ሥራውን ከዳር አደረሰ ማለት ፈጸመው ማለት ነው። «ከዳር ቆሞ ያያል» ግን በነገሩ አልገባም ማለት ነው። ዳሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የሚለውጠው ግሡ ነው። «ዳር ዳር አለ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ገንዘብ ሊበደር የመጣ ሰው ስለ ልጆችና ስለ ዝናቡ እየጠየቀ ዋናውን ሳያነሣ ሲቆይ የሚባል ነው። «ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል» የሚለው ተረት ስለ አገር ድንበር ነውና ለባሕር አይጠቀስም።

ተጨማሪ፦ ግእዝ ለምታነቡ አንድ ነገር ላክል። በግእዝ «ሐይቅ» የባሕር ዳርቻን ጭምር ይሰይማል፤ በአማርኛ ግን ውኃውን ራሱን ብቻ ነው የምንለው። «ሐይቀ ባሕር»ን «የባሕር ሐይቅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ዳሩን ውኃ ያደርገዋል፤ «የባሕር ዳርቻ» ማለት ነበረበት።