የፓሌት መደርደሪያ አግዳሚ ከፍ ሲደረግ የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሦስት ደረጃ መደርደሪያ አለን፤ ረጃጅም ጭነት ስለመጣ የመጀመሪያውን አግዳሚ ከ1.5 ወደ 2 ሜትር ከፍ ልናደርገው ነው። በየደረጃው 1 ቶን የሚመዝኑ ሦስት ፓሌቶች (ዕቃ የተጫነባቸው ርብራቦች) ይቀመጣሉ። አግዳሚው ያው ስለሆነ ችግር አይኖረውም አይደል?

መልስ 1፦ ይኖረዋል። አግዳሚው ላይ የሚያርፈው ያው 3 ቶን ነው፤ የሚደክመው ቋሚው፣ ማለትም አግዳሚዎቹ የሚሰኩበት የቆመ ብረት ነው። ከወለል እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ያለው ርቀት በረዘመ ቁጥር ቋሚው በቀላሉ ይጎብጣል። የአምራቹን የመሸከም አቅም ሠንጠረዥ በ2 ሜትር አንብቡና ከሁሉም ደረጃ ድምር ክብደት ጋር አስተያዩ። የጭነት ልክ ሰሌዳውም አብሮ ይቀየር፤ ብዙ መጋዘን የሚረሳው እሱን ነው።

መልስ 2፦ ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም ደረጃ አራግፉ። ቋሚውን የሚጋሩት የግራና የቀኝ ክፍሎችም ባዶ ይሁኑ። ለአንድ ደረጃ አግዳሚውን ከቋሚው ጋር የሚቆልፍ 4 የደህንነት ፒን ያስፈልጋል፣ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት አግዳሚዎች በየጫፉ አንድ። ፒን ከሌለ ፎርክሊፍቱ ሹካውን ሲያነሳ አግዳሚውን ቋሚው ላይ ከተሰካበት ጥርሱ ይነቅለዋል። በሚስማር መተካት አይሆንም!

መልስ 3፦ ፎርክሊፍት የመታውን ቋሚ በ1 ሜትር ቀጥ ያለ ብረት ለኩት። በአውሮፓው የደህንነት መስፈርት መሠረት ወደ አግዳሚው አቅጣጫ ከ5፣ ወደ ጥልቀቱ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከጎበጠ ይቀየራል እንጂ በእሳት አይቃናም፣ አይበየድም። የሌላ አምራች አግዳሚም ጥርሱ ስለገባ ብቻ አትመኑት።