ባሉን ያለበት የመኪና ብድር ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ጆሃንስበርግ ነው። ለሱቄ ዕቃ ማመላለሻ የምትሆን ያገለገለች ባኪ (ፒካፕ መኪና) ልገዛ ነው። ዋጋዋ 300,000 ራንድ። ቅድመ ክፍያ የለኝም።

ሻጩ ሁለት ወረቀት ሰጠኝ። ሁለቱም የ72 ወር፣ ወለዳቸውም 12 በመቶ። በአንደኛው በወር 5,865 ራንድ ገደማ እከፍላለሁ። በሌላው 5,006 ገደማ ብቻ፤ ግን መጨረሻ ላይ 90,000 ራንድ በአንድ ጊዜ ዱብ ማድረግ አለብኝ። ባሉን የሚሉት ይሄንን ነው።

በወር 860 መትረፉ ያጓጓል፣ አልዋሽም። ቁጭ ብዬ ስደምረው ግን ባሉን ያለበት በጠቅላላው 28,000 ራንድ ያህል ይበልጣል። የገባኝ እንዲህ ነው፦ ያ 90,000 እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቀመጣል፣ ወለዱ ግን በየወሩ ይታሰብበታል። ልክ ነኝ?

ሻጩ «ያኔ ሸጠህ ትከፍላለህ» ይለኛል። ስድስት ዓመት ጭነት ስትሸከም የኖረች ባኪ 90,000 ታወጣለች ብሎ ማን ይፈርምልኛል? ካላወጣች ልዩነቱ ከኪሴ ነው። ባሉኑን እንደገና በብድር መክፈልም ይቻላል አለኝ፤ ያ ደግሞ ሌላ ወለድ።

በዚህ ያለፋችሁ እርዱኝ። በየወሩ ትንሽ ጨምሬ ብከፍል ከባሉኑ ይቀነስልኛል ወይስ ባንኩ ወሩን ነው የሚያሳጥረው? ብትሰረቅስ (እዚህ አገር ቀልድ አይደለም)፣ ኢንሹራንሱ የገበያ ዋጋዋን ብቻ ከሰጠኝ የተረፈውን ዕዳ የሚሸፍን ሌላ ዋስትና ገብታችኋል? ወረቀቱ የሚጸናው ለአምስት የሥራ ቀን ነውና ቶሎ በሉልኝ።