ጥቆማ፦ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ልጆች ይዞ የሚኬድባቸው የስቴት ፓርክ ፕሮግራሞች

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። የ9 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት፤ ጉልበቷን ያማታል። ፓርክ ሄዶ ሥጋ ጠብሶ መመለስ ሰለቸን። ሬንጀር (የፓርክ ጠባቂ) እየመራ ለልጆች የሚያሳይባቸው፣ የሞከራችሁት ፕሮግራም ካለ ጠቁሙኝ።

መልስ፦
ልጁን ካሰብሽ ካልቨርት ክሊፍስን የሚያህል የለም። ደቡብ ሜሪላንድ፣ ለዝቢ አጠገብ፣ ቼሳፒክ ቤይ ዳር ነው። ገደሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ስለነበረ፣ በተሸረሸረ ቁጥር የሻርክ ጥርስ አሸዋው ላይ ይወድቃል። ሬንጀሮቹ የቅሪተ አካል ፕሮግራም ሲኖራቸው የትኛው ጥርስ፣ የትኛው ተራ ድንጋይ እንደሆነ እያስያዙ ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ልጅን ከውሃው ዳር ማስነሣት ነው ጣጣው። ከቤት ወንፊት ይዘሽ ሂጂ። ጠጠር የበዛበትን እርጥብ አሸዋ ዝቀሽ ውሃ ውስጥ ነቅነቅ ስታደርጊው፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነገር ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ያገኙትን ይዞ መሄድ ይፈቀዳል። ገደሉ ሥር መሄድም ሆነ መቆፈር ግን ክልክል ነው፤ ይናዳል።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ባሕሩ 1.8 ማይል፣ መመለሻውም ያው። ለእማማ አይሆንም፤ ትንሿም መመለሻ ላይ እሽኮኮ ማለቷ አይቀርም። መግቢያው አጠገብ ከአሮጌ ጎማ የተሠራ መጫወቻ አለ፣ አንዳችሁ ከእነሱ ጋር እዚያ ብትቆዩ ይሻላል።

ለትንሿ ካኒንግሃም ፎልስ ይሻላል፣ ተርሞንት አጠገብ። እዚያ ተጎድተው ወደ ዱር መመለስ የማይችሉ ጉጉቶችና ጭልፊቶች ይጠበቃሉ። የሜሪላንድ ፓርክ አገልግሎት «ስኬልስ ኤንድ ቴልስ» በሚለው ፕሮግራሙ ወፎቹን ይዞ ለልጆች ያስረዳል፤ እባብና ኤሊም አለው። ለ4 ዓመት ልጅ ጫካ ውስጥ ሰዓታት ከሚያስሄድ ጉዞ እፊቷ የተቀመጠ ጉጉት ይበልጣል። ፏፏቴው 78 ጫማ ነው፣ በታችኛው መንገድ ግማሽ ማይል ያህል ያስሄዳል። በማርች ደግሞ የሜፕል ሽሮፕ እየፈላ ያሳያሉ፦ 40 ጋሎን ያህል የዛፍ ፈሳሽ ተንተክትኮ 1 ጋሎን ሽሮፕ ይወጣዋል። ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል፣ ሽሮፑ የጾም ነው፣ አብሮት የሚበላው ፓንኬክ ግን አይደለም።

ሳንዲ ፖይንት የሚባለውን የሜሪላንድ ፓርክ የሚጠቁሟችሁ ይኖራሉ። ለዋናና ለሽርሽር ጥሩ ነው፣ ግን በሰመር ቅዳሜና እሑድ ስለሚሞላ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ።

ሌላ መልስ፦
እኔ የቨርጂኒያ ነኝና ለሠፈሬ ላድላ። እናትሽን ይዘሽ ከሆነ ሜሰን ኔክ ሂጂ፣ ሎርተን ነው። የባሕር ዳሩ መንገድ አጭር ስለሆነ ጉልበት ብዙም አይፈትንም። ራሰ ነጩ ንስር ሞልቷል፤ አጠገቡ ያለው የፌደራል ጥብቅ ቦታ በ1969 የተቋቋመው ለዚሁ ንስር ተብሎ ነው። ንስር ለማየት የሚበጀው ቅጠል የረገፈበት ወቅት ነው። ሲሞቅ ሬንጀሮቹ በካኑና በካያክ ቤልሞንት ቤይ ላይ ይዘው ይወጣሉ። ይህኛው ክፍያ አለው፣ ቶሎም ይሞላል። የዕድሜ ገደቡን ስትመዘገቢ ጠይቂ።

ሁለተኛው ስካይ ሜዶውስ ነው፣ ዴላፕሌን። በ2021 የጨለማ ሰማይ ፓርክ፣ ማለትም የመብራት ብርሃን የማይጋርደው ሰማይ ያለው ቦታ፣ ተብሎ ዕውቅና አግኝቷል። ከዲሲ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው፣ ግን ሰማዩ ሌላ አገር ነው የሚመስለው። በቴሌስኮፕ የሚያሳዩበት ምሽት አላቸው። ስልክ ማብራት ነውር ነው፤ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ለእማማ ታጣፊ ወንበርና ጋቢ አትርሺ፣ በሰመርም ሌሊቱ ይበርዳል።

ስለ ዋጋ፦ የእኛ የቨርጂኒያ ፓርኮች የሚያስከፍሉት በመኪና ነው፣ ስለዚህ ሚኒቫን ሞልቶ መሄድ ያዋጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን በአንዳንዶቹ፣ በተለይ በሰመር፣ በሰው ነው፤ የሌላ ስቴት ታርጋ ከሆነ ደግሞ ይጨምራሉ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ልጆቹ የአማርኛ ትምህርት አላቸው። ምን ይቀረናል?

መልስ፦
የስካይ ሜዶውሱ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ለእናንተ የተሠራ ነው። ለሌሎቹ የየፓርኩን የፕሮግራም ካላንደር ድረ ገጻቸው ላይ እዪ፤ ትምህርት ሲዘጋ በአዘቦት ቀንም ፕሮግራም ያላቸው አሉ፣ መኪና ማቆሚያውም ባዶ ነው። ዝናብ ካለ ጠዋት ደውሊ። እኛ አንዴ ሳንደውል ሄደን መሰረዙን በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው ያወቅነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ቆሻሻ መጣያ አትጠብቂ፣ ፌስታል ይዘሽ ሄደሽ ቆሻሻሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ማታ ልጆቹን ስታጥቢ ከጆሮ ጀርባና ከብብት ሥር መዥገር ፈልጊ።