የቡና ለቃሚዎችን የትከሻ ድካም በምን እንለካ? (የጋራ ፕሮፖዛል ውይይት)

ሰብሳቢዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮፖዛሉ የተበላሸውን ቡና ከጥሩው በእጃቸው በሚለዩ ለቃሚ ሴቶች ላይ ይሁን ብለን ተስማምተናል። የቀረን መለኪያው ነው። ረቂቁ «በኢኤምጂ» (የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚመዘግብ መሣሪያ) ብሎ አልፎታል። ሐሳባችሁን ጣል ጣል አድርጉ።

ኢንጂነሩ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ትከሻዋ ላይ ኤሌክትሮድ እንለጥፋለን። ጡንቻ ሲደክም የምልክቱ ከፍታ ይጨምራል፣ ፍሪኩዌንሲው (በሴኮንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) ይወርዳል። አለቀ።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ወንድሜ፣ «አለቀ» አትበል። ያልከው ኩንታል ለሚሸከም ሰው ይሠራል። ቡና ፍሬ ምን ይመዝናል? ጉልበቱ ከሙሉ አቅም 15 በመቶ በታች ሲሆን ውጤቱ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዷ ላይ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፣ ሌላዋ ላይ ንቅንቅ አይልም።

ሰብሳቢዋ፦ ታዲያ ቀላል ሥራ ከሆነ ምኑ ነው የሚያደክማቸው? ገንዘብ ሰጪው ይህን መጠየቁ አይቀርም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ለትንሽ ጉልበት ጡንቻው ሁሉንም ክሮቹን አያስነሳም። ትንንሾቹ ቀድመው ይጠራሉ፤ ጡንቻው እስኪላላ ድረስ እረፍት የላቸውም። የስዊድኑ ተመራማሪ ሄግ እ.ኤ.አ. በ1991 «ሲንደሬላ» ያላቸው ለዚህ ነው፤ በተረቱ ከሁሉ ቀድማ ተነስታ መጨረሻ የምትተኛዋ ልጅ። መላምት ነው፣ ግን ያየሁትን ይገልጽልኛል። አንዲት ለቃሚ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። ጣቶቿ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ቆንጠር እያደረጉ ይጥላሉ። ክርኗ የሚያርፍበት የለውም። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ እንደተሰቀለ ቀረ። የወረደው ጓደኛዋ ስታስቃት ብቻ ነው።

የሥራ ደኅንነት ባለሙያው፦ ልጆች፣ ሴትዮዋንስ ማን ይጠይቃት? ሰው ድካሙን ራሱ በቁጥር የሚሰጥበት የቦርግ ከ0 እስከ 10 መለኪያ አለላችሁ። በየሰዓቱ ስለ ትከሻዋ ብቻ ጠይቋት። ዝም ብላችሁ «ደከመሽ ወይ?» ካላችኋት እንቅልፉንም ኑሮውንም ደምራ ነው የምትመልሰው። የመለኪያውን ቃላት መጀመሪያ በራሷ ቋንቋ እንሞክራቸው።

ኢንጂነሩ፦ እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። ኢኤምጂውን ግን አልተውም። በየሰዓቱ ሥራ አቁማ እጆቿን በጎን ዘርግታ ለ30 ሴኮንድ ትያዝ። አቋሙ አንድ ስለሆነ ጠዋትና ማታውን ማወዳደር እንችላለን።

ለቃሚ የነበረችው አባል፦ 30 ሴኮንድ ትላላችሁ። ቆዳ በአልኮል መጥረጉ፣ መለጠፉ፣ ገመድ ማስተካከሉስ? በኪሎ የሚከፈላት ሴት ያን ጊዜ ከኪሷ ነው የምታወጣው። የጎደላትን ካልከፈላችሁ አትመጣም። ብትመጣም ለማካካስ ትጣደፋለች፤ ያኔ የለካችሁት ሌላ ሥራ ነው። ደግሞ ትከሻዋን ወንድ ፊት አትገልጥም።

ሰብሳቢዋ፦ ትክክል። የጎደለው ኪሎ በጀት ውስጥ ይገባል፣ የምትለጥፈውም ሴት ትሆናለች። ዋናው መለኪያ የቦርግ ጥያቄ፣ ኢኤምጂው ደጋፊ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ አንዴ እንለካለን፤ ያደረ ድካም ካለ እናያለን። ጋሼ፣ ቃላቱን እርስዎ ቢይዙልን፣ እስከ ዓርብ?

የሥራ ደኅንነት ባለሙያው፦ እሺ፣ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለን እንሠራዋለን። ለቅማ የምታውቀው እሷ ናት።

ኢንጂነሩ፦ እኔ መጋረጃ ሰቅዬ እወጣለሁ።